ወድቆ የተነሣን ሰው መመርመር፦ ራስን ስቶ የመውደቅ ምርመራና የመጋቢው ድርሻ

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ስለሚወድቀው ልጅ ብዙ ተሰብኳል። የደቀ መዛሙርቱ አለመቻል፣ የአባትየው እምነትና አለማመን፣ የጸሎት ኃይል በየጉባኤው የሚነሡ ርእሶች ናቸው። በቁጥር 21 ላይ ያለችው አጭር ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ትታለፋለች። ጌታ ኢየሱስ ልጁን ከመፈወሱ በፊት ወደ አባትየው ዞሮ ይህ ነገር ከጀመረው ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ጠየቀው። አባትየውም ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሆነ፣ ወደ እሳትም ወደ ውኃም እንደሚጥለው ነገረው። ዛሬ ወድቆ የተነሣ ሰው ይዛችሁ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሆስፒታል ብትገቡ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም፦ መቼ ጀመረው? ሲወድቅ ምን ይመስላል? ጉዳት ደርሶበት ያውቃል?

ጌታ ይህን የጠየቀው ለራሱ ነው ወይስ ለአባትየው ሲል የሚለውን የነገረ ክርስቶስ ተማሪዎች ይከራከሩበት። እኔ ላሳያችሁ የምፈልገው ከዚያ ያነሰ ነገር ነው። ሳይጠይቅ መፈወስ የሚችለው እርሱ፣ ልጁ በፊቱ መሬት ላይ እየተንፈራገጠ ሳለ እንኳ፣ ጊዜ ወስዶ የአባትየውን ታሪክ አደመጠ። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንጠይቅም። ሰው በጉባኤ መካከል ሲወድቅ ምክንያቱን የምናውቀው ይመስለናል፤ ወይ የእግዚአብሔር መንፈስ ነክቶታል፣ ወይ ክፉ መንፈስ ተገልጦበታል። የልቡ ምት ለጥቂት ሰከንዶች ቆሞ ሊሆን ይችላል የሚለው ሦስተኛ አማራጭ ወደ አእምሯችን አይመጣም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ራስን ስቶ የመውደቅ መንስኤ በሕክምና እንዴት እንደሚመረመር ለመጋቢያንና ለሥነ መለኮት ተማሪዎች ማስረዳት፣ በዚያም ውስጥ የአገልጋዩ ድርሻ የት ላይ እንደሆነ ማሳየት ነው። ስጽፍ በሐሳቤ ያሉት በምሥራቅ ጎጃም፣ በአማኑኤል፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ያሉ አነስተኛ አጥቢያዎችን የሚያገለግሉ ወንድሞችና እህቶች ናቸው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ልዩ ሐኪም ሩቅ ነው፤ ሰው ሲወድቅ አጠገቡ የሚገኘው መጋቢው ነው። ቤተሰቡ «ምን እናድርግ?» ብሎ በመጀመሪያ የሚጠይቀውም እርሱን ነው።

ለምን ይወደቃል?

በሕክምና አነጋገር ራስን መሳት ጠባብ ፍቺ አለው። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በድንገት ሲቀንስ የሚመጣ፣ ለአጭር ጊዜ የሚቆይና በራሱ የሚመለስ የንቃት መጥፋት ነው። አንጎል ስንቅ አይቋጥርም፤ ደም ከተቋረጠበት ዐሥር ሰከንድ ሳይሞላ ሰውየው ራሱን ይስታል። ሲወድቅ ግን ሰውነቱ ይጋደማል፤ ልብና ጭንቅላት በአንድ ከፍታ ላይ ስለሚሆኑ ደሙ ሽቅብ መውጣት አይጠበቅበትም፤ ስለዚህም ይነቃል። መውደቁ ራሱ ከፊል መድኃኒት ነው ማለት ይቻላል።

በየአዳራሹ የምናየው አንድ ልማድ እዚህ ላይ መነሣት አለበት። ሰው ተዝለፍልፎ ሲወድቅ ሁለት አስተናጋጆች በብብቱ ሥር ገብተው ቀጥ አድርገው ያቆሙታል፣ ወይም ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። የሚያደርጉት በቅንነት ነው። ነገር ግን ደሙ ወደ አንጎል እንዳይመለስ እየከለከሉት ነው። እንዲህ ቀጥ ተደርጎ የተያዘ ሰው እጅና እግሩ መንቀጥቀጥ፣ ዐይኑ መገለባበጥ ሊጀምር ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። መንቀጥቀጡ «መንፈሱ ታወከ» ተብሎ ይተረጎማል፣ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ሕዝቡ ይከብባል። ልንገሥጸው የተነሣነው ነገር እኛው ቀጥ አድርገን በመያዛችን የመጣ ሊሆን ይችላል። ማድረግ ያለብን በጀርባው ማስተኛት፣ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ የአንገቱን ልብስ ማላላትና ሕዝቡን መመለስ ነው።

የደም መቀነሱ መንስኤዎች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛውና በብዛት የሚያጋጥመው፣ በተለይ በወጣቶች ላይ፣ በነርቭ አማካይነት የሚመጣው ነው። ለረጅም ጊዜ መቆም፣ ሙቀት፣ መጨናነቅ፣ ድንጋጤ፣ ሕመም ወይም ደም ማየት ያስነሣዋል፤ የልብ ምት ይዘገያል፣ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግፊቱ ይወርዳል። ለቀብር የቆመ ሰው፣ ሙሽራ፣ በመዘምራን ረድፍ መካከል ያለች ልጅ በዚህ ይወድቃሉ። ሁለተኛው ከመቀመጫ ወይም ከመኝታ ሲነሡ የሚመጣው ነው፤ የውኃ ጥም፣ ተቅማጥ፣ ደም መፍሰስ፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ እርጅና ያመጡታል። ሦስተኛው ከልብ የሚመነጨው ነው፦ የምት መዛባት፣ የልብ በር መጥበብ፣ የልብ ጡንቻ ሕመም። ይህ ከሦስቱ ያነሰ ቁጥር ያለው ቢሆንም የሚገድለው እርሱ ነው። የምርመራው ሥርዐት ሁሉ የተዘረጋው ይህ ሦስተኛው ሳይታወቅ እንዳያልፍ ነው ብትሉ አትሳሳቱም።

ከእነዚህ ውጭ ራስን መሳት የሚመስሉ ሌሎች አሉ። የሚጥል በሽታ ዋነኛው ነው። የደም ስኳር መውረድና ከሥነ ልቦና ጫና የሚመጣ መውደቅም ይጨመራሉ። ወደ እነዚህ እመለሳለሁ።

የዐይን ምስክር

ብዙ ሰው ምርመራ ሲባል ማሽን ያስባል። ሐኪሞች ግን ራሱን ስቶ የወደቀን ሰው ሲመረምሩ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ የሚመኩበት ሲወድቅ ያየው ሰው በሚሰጠው ቃል ነው። የወደቀው ሰው ራሱ አያውቅም፤ በዚያ ሰዓት አልነበረምና። ያየው ሌላ ሰው ነው፤ ያም ሰው ብዙ ጊዜ የጉባኤው መሪ ነው። ይህን ያህል ዋጋ ያለውን ምስክርነት በኪሳችን ይዘን ልጅቱን ከእናቷ ጋር ብቻዋን ወደ ሐኪም እንልካለን፤ እናቷ ደግሞ ሁሉም ነገር ሲሆን ቤት ነበረች።

ለምሳሌ ያህል የ17 ዓመት የመዘምራን አባል እናስብ። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ወደቀች። ሐኪሙ የሚፈልገው ቀደም ሲል ምን እንደነበረ፣ በመውደቋ ሰዓት ምን እንደታየ፣ ከነቃች በኋላ ምን እንደሆነች ነው። ከመውደቋ በፊት ዐይኔ ጨለመ፣ ሆዴ ታወከ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ጆሮዬ ጮኸ ብላ ነበር? ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቶ ነበር ወይስ ጠቁሮ? ይህ ሁሉ ቀድሞ ከታየና ፊቷ ገርጥቶ ከነበረ ወደ መጀመሪያው መንስኤ ያመለክታል። ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ ንግግር ሳታቋርጥ ከወደቀች ግን ልብን ያስጠረጥራል። ስንት ሰዓት ቆየች? እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ በድንጋጤ ውስጥ ሃያ ሰከንድ ዐሥር ደቂቃ ይመስላል። ሰዓት የማየት ልማድ ይኑራችሁ። ተራ ራስን መሳት ከአንድ ደቂቃ ያንሳል፤ የሚጥል በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይቆያል። መንቀጥቀጥ ስለታየ ብቻ የሚጥል በሽታ ነው አይባልም፤ ለጥቂት ሰከንድ መንቀጥቀጥ በተራ ራስን መሳትም ይታያል። የምላስን ጎን ነክሶ መድማት ግን ወደ ሚጥል በሽታ ያጋድላል። ሽንት ማምለጥ በሁለቱም ይኖራል። ዐይኗ ተከፍቶ ነበር ወይስ ተጨፍኖ? በራስ መሳትም በሚጥል በሽታም ዐይን ብዙውን ጊዜ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ከሥነ ልቦና ጫና በሚመጣው መውደቅ ግን ይጨፈናል። ከዚያም እንዴት ነቃች? ወዲያው ሰው ለይታ «ምን ሆኜ ነው?» አለች ወይስ ለግማሽ ሰዓት ያህል ግራ ተጋብታ ቆየች?

አሁን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብዱት ጥያቄዎች። ይህች ልጅ ከዚህ በፊት ወድቃ ታውቃለች? እናቷ «አዎ፣ ሁለት ጊዜ፣ ውኃ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ» ካለች ጉዳዩ ተለወጠ። ሥራ ላይ ሳሉ፣ ሲሮጡ ወይም ዳገት ሲወጡ መውደቅ የልብ ምልክት ነው። ተኝቶ ሳለ ራስን መሳትም እንዲሁ። በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ? ይህን ጥያቄ ከሐኪም በተሻለ መመለስ የሚችለው መጋቢው ነው። «ወንድሟ በጥምቀት ሰሞን ኳስ ሲጫወት ወድቆ ሞተ፤ ቡዳ በላው አሉ» የሚለው ታሪክ ለሐኪሙ የአንድ ዓመት ምርመራ ያህል ዋጋ ሊኖረው ይችላል። አንዳንድ የልብ ምት መዛባት በዘር ይተላለፋልና። እንዲህ ያለ ታሪክ ስትሰሙ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ትድረስ።

ስለ ስልክ አንድ ነገር ልጨምር። መውደቁ ከተደጋገመ አንድ የቤተሰብ አባል በስልኩ ቢቀርጸው ለሐኪሙ እጅግ ይጠቅማል። ነገር ግን ያ ምስል የሐኪሙና የቤተሰቡ ነው። ሰው ራሱን ስቶ የወደቀበትን ምስል በቤተ ክርስቲያን ገጽ ላይ «ከእስራት ሲፈታ» ብሎ መልቀቅ ድርጊቱን የተረጎምነው በትክክል ቢሆን እንኳ ነውር ነው። በስሕተት ተርጉመነው ከሆነማ አንዲት የልብ ሕመምተኛን ለአደባባይ መሳለቂያ አድርገናታል።

መሣሪያዎቹ የሚያዩትና የማያዩት

ምርመራው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ይህ ደግሞ ለኪስም ለመንገድም ይበጃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ቤተሰብ ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ወደ ላይኛው ሆስፒታል ቢሄድ መድኑ ወጪውን ሙሉ በሙሉ ላይሸፍንለት ይችላል። ስለዚህ ከአማኑኤልም ሆነ ከሌላ ከተማ የሚነሣ ሰው ወረቀቱን ይዞ በየደረጃው ይሂድ። ከቢቸና ወይም ከሞጣ አካባቢ ከሆነ በመጀመሪያ የሚቀበለው እዚያው ያለው ሆስፒታል ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር ደግሞ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ።

በጤና ጣቢያ የሚሠራው ርካሽ ቢሆንም ትንሽ አይደለም። የደም ግፊት ተኝቶ ይለካል፤ ከዚያ ቆሞ በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ይደገማል። የላይኛው ቁጥር 20፣ ወይም የታችኛው 10 ከወረደ ሁለተኛው ዓይነት መንስኤ ተገኘ ማለት ነው። ይህ ምርመራ ከግፊት መለኪያና ከአምስት ደቂቃ ትዕግሥት በቀር ምንም አይጠይቅም፤ ሰልፍ በበዛበት ክፍል ግን ይዘለላልና ቤተሰቡ «ቆማም ይለካላት» ብሎ በትሕትና ቢጠይቅ ነውር የለበትም። የደም ስኳር በጣት ጠብታ ይታያል፤ ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው። የደም ማነስ ይለካል፤ በዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 ግራም በታች ደም ማነስ ይባላል፣ በደጋ አገር ደግሞ ለከፍታው ማስተካከያ ይደረግበታል። ደም ካነሰ ወዴት እንደሄደ ይፈለጋል፦ የወር አበባ መብዛት፣ ደም የሚመጥ የአንጀት ትል፣ ሰገራን እንደ ሬንጅ የሚያጠቁር የጨጓራ ቁስል።

ልጅቱ ለመውለድ በደረሰ ዕድሜ ላይ ስላለች ሐኪሙ የእርግዝና ምርመራ ያዝላት ይሆናል። ይህ ክስ አይደለም። ከማኅፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሲፈነዳ ደም ወደ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል፤ የመጀመሪያው ምልክቱ ራስን መሳት ሊሆን ይችላል፣ በሰዓታት ውስጥም ይገድላል። ስለዚህ ምርመራው በዚያ ዕድሜ ላለች ሁሉ ይታዘዛል። ችግሩ ያለው ከበሩ አጠገብ ነው። ሽማግሌውና የመዘምራኑ መሪ በርኅራኄ አብረዋት ክፍሉ ውስጥ ቆመው ሳለ ሐኪሙ ሲጠይቃት «አያስፈልገኝም» ትላለች። ከዚያ ክፍል ውጡ። ውጤቱንም አትጠይቁ።

ቀጥሎ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ኢሲጂ የሚባለው ይመጣል። ዐሥር ገመዶች በደረት፣ በእጅና በእግር ላይ ይለጠፋሉ፤ ሕመም የለውም፣ ወደ ሰውነት የሚገባ ምንም ነገር የለም፣ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ራሱን ስቶ ለወደቀ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሊሠራለት የሚገባው ይህ ነው። የልብ መልእክት መንገድ ላይ ተቋርጦ እንደሆነ፣ ተጨማሪ አቋራጭ መንገድ እንዳለ፣ ልብ ከአንዱ ምት በኋላ ለቀጣዩ ለመዘጋጀት ከሚገባው በላይ ጊዜ እየወሰደ እንደሆነ በወረቀቱ ላይ ይነበባል። ይሁን እንጂ ወረቀቱ የሚመዘግበው ዐሥር ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ልጅቱ በወር አንድ ጊዜ የምትወድቅ ከሆነ በእነዚያ ዐሥር ሰከንዶች ውስጥ ልቧ በሰላም ሊመታ ይችላል። «ኢሲጂዋ ኖርማል ነው፣ እንግዲህ መንፈሳዊ ነው» የሚለው ድምዳሜ ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ጥርጣሬው ከጸና ሆልተር የሚባል ትንሽ መሣሪያ 24 ወይም 48 ሰዓት በሰውነት ላይ ታስሮ እያንዳንዱን ምት ይመዘግባል፤ ይህ ግን በትልልቅ ከተሞች ካልሆነ በቀላሉ አይገኝም።

ኢኮ ደግሞ የልብን ቅርጽና እንቅስቃሴ በድምፅ ሞገድ ያሳያል። በአገራችን ይህ ምርመራ ትልቅ ስፍራ አለው፤ ምክንያቱም በሕፃንነት ተደጋግሞ ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የልብ በሮችን የሚያጠፋው በሽታ አሁንም በመካከላችን አለ። ጉሮሮን ያመመው ባክቴሪያ ያስነሣው የሰውነት መከላከያ ዞሮ የልብ በሮችን ይጎዳል፤ እንጥል ማስቆረጥ ይህን አያስቀርም፣ ፔኒሲሊን ግን ያስቀራል። በሽታው አንዴ ከጀመረ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወሰድ የፔኒሲሊን መርፌ እንዳይባባስ ይጠብቃል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል የቆመው እንዲህ ላሉ ልጆች ነው። በአጥቢያችሁ ዳገት ስትወጣ የምትቆራረጥ፣ ትራስ ደራርባ የምትተኛ ልጅ ካለች ለጸሎት ስሟን ስትጽፉ ለኢኮም ጻፉላት።

ሲቲ ስካንን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ሰው ሲወድቅ ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚለምነው «ጭንቅላቷ ይታይልን» ብሎ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም መዋጮ የምታሰባስበው ለዚሁ ነው። ተራ ራስን መሳት ላጋጠመው፣ ጭንቅላቱ ላልተጎዳ፣ የአካል መስነፍ ለሌለበት ሰው ሲቲ ስካን ምንም አያሳይም ማለት ይቻላል። በዚያ ገንዘብ ኢሲጂና ኢኮ ተሠርቶ የመመለሻ መሳፈሪያ ይተርፋል።

የሚጥል በሽታና የስሙ ሸክም

የማርቆስ 9 ልጅ ምልክቶች፣ መውደቅ፣ አረፋ መድፈቅ፣ ጥርስ ማፋጨት፣ መድረቅ፣ በኋላም እንደ ሞተ መሆን፣ ከሚጥል በሽታ ጋር ይመሳሰላሉ። ወንጌላዊው ደግሞ ርኩስ መንፈስ እንደነበረበት በግልጽ ይናገራል፤ ይህን ለማለዘብ አልሞክርም። የማልስማማው ከዚህ አንድ ልጅ ተነሥቶ የሚወድቅ ሁሉ መንፈስ አለበት ከሚለው ጋር ነው። ማቴዎስ በ17፥15 ስለዚህ ልጅ የተጠቀመበትን፣ ሥሩ ከጨረቃ ጋር የተያያዘውን የግሪክ ቃል በ4፥24 ላይም ይጠቀምበታል። እዚያ ግን አጋንንት ያደረባቸውን፣ በዚህ በሽታ የሚወድቁትንና ሽባዎችን ለየብቻ ይዘረዝራል። ወንጌላዊው ራሱ የለየውን እኛ አንድ የምናደርግበት ሥልጣን የለንም።

ይህ የትርጓሜ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና ማረቆ ገጠር፣ ቤት ለቤት ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት ከ60,820 ሰዎች መካከል 316ቱ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ተገኘ፤ ከሺህ 5.2 ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ተገቢውን መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱ ውድ ስለሆነ አልነበረም፤ ፌኖባርቢታል ከርካሾቹ አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱ ሰፍቷል፤ በሽታው ከእርግማንና ከክፉ መንፈስ ነው የሚለው እምነት ግን ከእኛው መድረክም ጭምር እየተመገበ ይኖራል።

የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ኢኢጂ፣ ጥርጣሬውን ሊያጠናክር ይችላል። ነገር ግን ሰውየው ባልወደቀበት ሰዓት ሲሠራ ንጹሕ ሊወጣ ይችላልና ብቻውን አይፈርድም። ፍርዱ አሁንም የዐይን ምስክሩ ቃል ላይ ነው።

ሌላው እንቅፋት ቦታው ነው። በብዙ ሆስፒታሎቻችን የሚጥል በሽታ ክትትል የሚደረገው በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። «አማኑኤል» የሚለው ስም ለጎጃም ሰው የከተማ ስም ነው፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ግን የአእምሮ ሆስፒታሉን ብቻ ይጠራል። ከአማኑኤል የመጣ ወጣት አዲስ አበባ ላይ አገሩን ሲናገር ቢሳቅበት አትደነቁ። ቤተሰብ ይህን ስም ፈርቶ «ልጄ እብድ አይደለም» ብሎ የሪፈር ወረቀቱን ከኪሱ ሳያወጣ ይቀራል። በዚያ በር አብሮ የሚገባ፣ በተመላላሽ ወንበር ላይ ከእነርሱ ጋር የሚቀመጥ መጋቢ ከአንድ ወር ስብከት የበለጠ ይሠራል።

የጎጃም ሕዝብ ወደ ጠበል ይሄዳል፤ እኛ ወንጌላውያን ይህን ለመተቸት እንቸኩላለን። ነገር ግን በአገልግሎታችን ውስጥ «መድኃኒቱን ጣይና እመኚ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ምን ብለናል? የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህም ይገድላል። ከአምስት ደቂቃ ያለፈ መንዘፍዘፍ አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው ነው። ተፈውሻለሁ የምትል እህት ብትኖር መድኃኒቱን የሚቀንሰው ሐኪሟ ነው፤ እግዚአብሔር የፈወሰው ነገር ምርመራ አይፈራም። የዳነውን ለምጻም ጌታ ወደ ካህኑ ሄዶ እንዲታይ ማዘዙን አስታውሱ።

ለሚንዘፈዘፍ ሰው ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተት፣ በኃይል መያዝ ይቅር። በጎኑ ይዙር፣ ከጭንቅላቱ ሥር ልብስ ይደረግ፣ ሰዓት ይታይ። አረፋው አይተላለፍም።

ከሥነ ልቦና ጫና ስለሚመጣው መውደቅ በአጭሩ ላልፍ። ውሸት አይደለም። ሰውየው አያስመስልም፤ አካሉ ቃል ያጣውን ይናገራል። በትምህርት ቤት ልጆች ተከታትለው ሲወድቁ የሚታየውም ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ጦርነትና መፈናቀል ባለፈበት አገር ደግሞ አይገርምም። እዚህ ላይ መጋቢው በእርግጥ ባለ ሙያ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያደምጥ፣ የማይጮኽ ከሆነ።

የእኛ ጾምና የእኛ አዳር

መጽሐፍ ቅዱስ ከረሃብ የተነሣ ስለ መድከም ከምንጠብቀው በላይ ይናገራል። በ1ኛ ሳሙኤል 14 ሳኦል በጦርነት ቀን እህል እንዳይቀመስ ሕዝቡን አማለ፤ ሕዝቡ ደከመ፤ ዮናታን ጥቂት ማር ሲቀምስ ዐይኑ በራ። ታሪኩ የሚነቅፈው የዮናታንን ማር አይደለም፤ የሳኦልን ችኩል መሐላ ነው። በምዕራፍ 28 ራሱ ሳኦል ቀንና ሌሊት ሳይበላ ቆይቶ በቁመቱ መሬት ላይ ተዘረረ፤ መናፍስት ጠሪዋ እንኳ ያደረገችለት ምግብ ማቅረብ ነው። ማርቆስ 8፥3 ላይ ደግሞ ጌታ ሦስት ቀን አብረውት የቆዩትን ሰዎች ጾማቸውን ላለመስደድ የሰጠው ምክንያት በመንገድ እንዳይዝሉ ነው። ከሩቅ የመጡ እንዳሉም ቈጥሯል።

እኛስ እንቈጥራለን? ሦስት ቀን ያለ እህልና ውኃ ጾም ስናውጅ በጉባኤው ውስጥ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ፣ የግፊት ክኒን የሚውጡ፣ እርጉዞች፣ የሚያጠቡ አሉ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ወስዶ የጾመ ሰው ስኳሩ ወርዶ ይወድቃል። ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት የወሰደ ሰው ውኃ ሳይጠጣ ሌሊቱን ቆሞ ሲጸልይ ሲነጋጋ ይወድቃል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ በእንቅልፍ እጦት ብቻ ሊነሣበት ይችላል። የጸሎት አዳር ስናዘጋጅ ወንበር፣ ውኃ፣ የተከፈተ መስኮት፣ «የታመማችሁ አትጹሙ፣ ተቀመጡ» የሚል ግልጽ ማስታወቂያ ያስፈልጋል። ይህን ከመድረክ የሚናገረው መጋቢው ራሱ ይሁን፤ አስተናጋጁ ሲናገረው ለደካሞች የተሰጠ ፈቃድ ይመስላል።

ከሁሉም ምርመራ በኋላ መንስኤው ሳይታወቅ የሚቀሩ ጥቂት አይደሉም። ሐኪሙ «አደገኛው ነገር የለም፤ ቢደገም ተመለሱ» ሲል ምርመራው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ የሚገድለው ተፈልጎ አልተገኘም ማለት ነው። እስከዚያው ድረስ ቤቱ መስተካከል አለበት። የማርቆስ 9 አባት እሳትና ውኃ ብሎ የጠራቸው ዛሬም በገጠር ቤት ውስጥ ያው ናቸው። መሬት ላይ ያለው ምድጃ በጭቃ ከፍ ይደረግ ወይም ዙሪያው ይከለል። ውኃ ለመቅዳት ወደ ወንዝ ብቻዋን አትውረድ። እንጀራውን እህቶች ተራ ገብተው ይጋግሩላት። በሩ ከውስጥ አይቀርቀር። የመዘምራኑ መሪም በሚቀጥለው እሑድ በረድፉ ዳር፣ ወንበር አጠገብ ያቁማት፤ ዐይኗ ሲጨልም ሳትጠይቅ እንድትቀመጥ ከወዲሁ ነግሯት።